ነሐሴ 10፦ የሙዚቃ ነገሥታት ለምን አንድ ቀን ላይ ተገጣጠሙ?

ኤልቪስ ፕሪስሊ የሞተው ነሐሴ 10 ነው። አሪታ ፍራንክሊንም የሞተችው ነሐሴ 10 ነው። ማዶና የተወለደችውም ነሐሴ 10። ቀኑ በደረሰ ቁጥር ይሄን የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም፤ «ይሄ ቀን የሆነ ነገር አለበት» የሚልም እንደዚሁ።

ዝርዝሩን ስታዩት ደግሞ እንዲህ ባይ ላይ መፍረድ ይከብዳል። ኤልቪስ «የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ» ነው። አሪታ «የሶል ንግሥት» ናት። ማዶና «የፖፕ ንግሥት»። በዚሁ ቀን በ1938 የሞተው ጊታር ተጫዋች ሮበርት ጆንሰን፣ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ ሥራዎቹ በአልበም ሲወጡ የተሰጣቸው ርዕስ «የዴልታ ብሉዝ ዘፋኞች ንጉሥ» የሚል ነው። በ1997 በዚሁ ቀን ያረፈው ፓኪስታናዊው የመንፈሳዊ ዜማ ዘፋኝ ኑስራት ፋቴህ አሊ ኻን ደግሞ ለአድናቂዎቹ «የቀዋሊ ንጉሠ ነገሥት» ነው። አምስት ዘውድ፣ አንድ ቀን።

እና ምንድን ነው ነገሩ? እስቲ ቀስ ብለን እንየው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ጣጣ እንጨርስ። ኦገስት 16 ሁልጊዜ ነሐሴ 10 ነው ወይ? አዎ፣ በእኛ ዘመን ሁልጊዜ ነው። ቀኑ የሚንሸራተተው ጳጉሜን 6 ስትሆን ነው። ያኔ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖችም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ አንድ ቀን እየሳቱ ይሄዳሉ፣ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ነሐሴ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። የኤልቪስ ልደት ግን ጃንዋሪ 8 ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 30፣ አንዳንዴ ደግሞ ታኅሣሥ 29 ይሆናል። ነሐሴ 10 እኛ ጋ የፍልሰታ ጾም መሀል ነው፤ ስለዚህ ስለ ሮክ ኤንድ ሮል ለማውራት ምርጡ ቀን ላይሆን ይችላል፣ ግን እንቀጥል።

አሁን ሂሳቡ። አንድ ክፍል ውስጥ 23 ሰው ቢኖር፣ ከመካከላቸው ሁለቱ አንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ በትንሹ ይበልጣል። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ አይዋጥለትም። የማይዋጥለት የራሱን ልደት ስለሚያስብ ነው። ጥያቄው ግን «ከእኔ ጋር የሚገጥም አለ ወይ» አይደለም፤ «ማንም ከማንም ጋር ይገጥማል ወይ» ነው፤ 23 ሰው ውስጥ ደግሞ 253 ጥንድ አለ። በዚያ ሁሉ ጥንድ መካከል አንዱ ቢገጥም አይገርምም።

ወደ ሙዚቃ እናምጣው። አንድ ሺህ ዝነኛ ሙዚቀኞች አሉ እንበል። ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ቀን እንያዝላቸው፤ የተወለዱበት፣ የሞቱበት፣ የመጀመሪያ ሥራቸው የወጣበት፣ ትልቁን ኮንሰርት የሠሩበት፣ ከባንዳቸው የተለያዩበት። አምስት ሺህ ቀን መጣ። ለ365 ስታካፍሉት ለእያንዳንዱ ዕለት 13 ወይም 14 ይደርሰዋል። ስለዚህ የራሳችሁን ልደት ብትፈልጉም «ዋው» የሚያሰኝ ዝርዝር ታገኛላችሁ። ማንም ያገኛል።

«እሺ፣ ዘውዱስ?» ትሉ ይሆናል። የአሜሪካ ሙዚቃ ዘውድ ሲያድል እጁ አይሰስትም። ቤኒ ጉድማን የስዊንግ ንጉሥ ነው፣ ቤሲ ስሚዝ የብሉዝ እቴጌ፣ ማይክል ጃክሰን የፖፕ ንጉሥ፤ ዱክ ኤሊንግተንና ካውንት ቤዚ ማዕረጉን ከነስማቸው ነው ይዘው የዞሩት። ዘውድ በበዛበት አገር ዘውዶች ቢጋጩ ምን ይገርማል?

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። «ንጉሥ» የሚለውን መስፈርት ያወጣነው ዝርዝሩን ካየን በኋላ ነው። ብንፈልግ ይሄንኑ ቀን የድራመሮች ቀን ልንለው እንችል ነበር። ታላቁ የጃዝ ድራመር ማክስ ሮች በ2007 የሞተው በዚሁ ቀን ነው፤ ፒት ቤስት ከቢትልስ የተባረረውም በዚሁ ቀን ነው። የፒያኖ ሰው ደግሞ ቢል ኤቫንስ በ1929 በዚሁ ቀን ተወለደ ብሎ የራሱን ወሬ ሊጀምር ይችላል። መጀመሪያ ተኩሰን ጥይቱ ባረፈበት ዙሪያ ዒላማ ከሳልን ሁላችንም አነጣጣሪ ነን።

ቀኖች ሁሉ እኩል ናቸው ማለትም አይደለም። የአውሮፓና የአሜሪካ ትልልቅ የሜዳ ኮንሰርቶች በጋቸው ላይ፣ ቅዳሜና እሑድን ተጠግተው ነው የሚዘጋጁት። አልበም ደግሞ ከጁላይ 2015 ጀምሮ በብዙ አገር ዓርብ ዓርብ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት አሜሪካ ማክሰኞ፣ እንግሊዝ ሰኞ ነበር። ሞት ግን ቀን አይመርጥም።

እንግዲህ ቀኑ ምትሃት የለውም። እኔን የሚስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይሄ ሰው በዚህ ቀን መሞቱን ወይም መባረሩን በምን አወቅን? ማን ጻፈው?

ሮበርት ጆንሰንን እንውሰድ። ሚሲሲፒ ውስጥ ግሪንዉድ የምትባል ከተማ አጠገብ ሲሞት ዕድሜው 27 እንደነበር ይታመናል። በሕይወቱ የቀረጸው 29 ዘፈን ብቻ ነው፣ ከፊሉን በ1936 ሳን አንቶኒዮ፣ ከፊሉን በ1937 ዳላስ። በሞተበት በ1938 መጨረሻ ጆን ሃመንድ የሚባል ፕሮዲዩሰር ኒው ዮርክ ካርኒጊ አዳራሽ ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ ከመንፈሳዊ ዝማሬው እስከ ስዊንጉ የሚያሳይ ትልቅ ኮንሰርት ሲያሰናዳ ጆንሰንን አስፈለገው። የመጣለት መልስ «ሞቷል» የሚል ነበር። ሃመንድም የጆንሰንን ሸክላ መድረክ ላይ አስከፍቶ ለታዳሚው አሰማ። አስቡት፣ በዚያ ዘመን ዋና አዳራሽ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ የሟችን ድምፅ ከሸክላ ሲያዳምጥ።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ወሬ ብቻ ነበር። መስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ተማረ ተባለ። ቀናተኛ ባል ውስኪው ውስጥ መርዝ ጨመረበት ተባለ። በ1968 ጌይል ዲን ዋርድሎው የሚባል ተመራማሪ የሞት የምስክር ወረቀቱን አገኘ። ቀኑ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ኦገስት 16፣ 1938። የሞት ምክንያት በሚሞላበት ቦታ ላይ ግን የሰፈረው «ሐኪም የለም» የሚል ነው። ይሄው ነው። ለአንድ ድሃ ጥቁር ሙዚቀኛ የዚያን ጊዜዋ ሚሲሲፒ የሰጠችው መልስ ይሄው ነው። የመቃብር ምልክት ደግሞ ሦስት ቦታ ቆሞለታል። ቀኑን ያለዚያች ወረቀት አናውቀውም ነበር።

የፒት ቤስት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ እዚህ ቀኑም ቦታውም ይታወቃል፣ የሚያከራክረው ምክንያቱ ነው። ሊቨርፑል፣ 1962፣ ሐሙስ ጠዋት። የቢትልስ ማናጀር ብራያን ኤፕስታይን ድራመሩን ፒትን የኤፕስታይን ቤተሰብ ሸክላ ቤት ውስጥ ወዳለው ቢሮው ጠራውና ልጆቹ እንደማይፈልጉት ነገረው። የባንዱ ሌሎች አባላት፣ ጆን፣ ፖልና ጆርጅ፣ እዚያ አልነበሩም። ሁለት ዓመት ሙሉ አብሯቸው የሠራ፣ ሃምቡርግ ውስጥ በየምሽት ክበቡ እስኪነጋ የደለቀ፣ እናቱ ክበብ ከፍታ ባንዱን ያጫወተች ልጅ ነው። ፊት ለፊት የነገረው ከሦስቱ አንድም የለም። ይሄን ነገር ባነበብኩት ቁጥር ያናድደኛል።

ለምን ተባረረ? አንዱ ምክንያት ስቱዲዮ ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ለሸክላ ኩባንያው ኢኤምአይ ሲሞከሩ ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን የፒትን ድራም አልወደደውም፤ ለቀረጻ ሌላ ድራመር አመጣለሁ አለ። አባርሩት ግን አላለም። ሌላው የጠባይ ጉዳይ ነው፣ ፒት ዝምተኛ ነበር፣ ከሥራ በኋላ የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው። ሴቶቹ እሱን ስለሚወዱት ቀኑበት የሚልም አለ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ሊኖረው ይችላል።

በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሪንጎ ስታር ቦታው ላይ ተቀመጠ። የሊቨርፑል አድናቂዎች ካቨርን ክበብ ውስጥ የፒትን ስም እየጠሩ ጮኹ፣ ግርግር ተነሳ፣ ጆርጅ ሃሪሰን ዓይኑ ጠቆረ። አሁን የምነግራችሁ ደግሞ ሰው ብዙም የማያነሳው ነው። ሴፕቴምበር 4 ሪንጎ ስቱዲዮ ገብቶ የመጀመሪያውን ነጠላ ዜማ ቀረጸ። አሁንም ድራሙ አልተወደደም። ከሳምንት በኋላ ሲመለስ አንዲ ዋይት የሚባል ተቀጣሪ ድራመር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ ለሪንጎ የተሰጠው ታምቡሪን ነው። ሰው አስባርሮ የገባው ልጅ ጥግ ይዞ ታምቡሪን ሲያንኳኳ ውስጡ ምን እንደሚል መገመት ነው። ፒት ቤስት በበኩሉ በ1995 የቢትልስ የድሮ ቀረጻዎች ስብስብ ሲወጣ እሱ የተጫወተባቸው ስለነበሩበት ድርሻውን አገኘ። ከ33 ዓመት በኋላ።

የዉድስቶክን የሙዚቃ ፌስቲቫል ቶሎ እንለፈው፣ ስለሱ ያልተባለ የለም። ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ቤተል ውስጥ፣ በማክስ ያስገር የወተት ላሞች እርሻ ላይ ከ400 ሺህ ሰው በላይ ተሰብስቦ፣ ኦገስት 16፣ 1969 ሁለተኛው ቀን ነበር። ሳንታና ከሰዓት በኋላ ወጣ፣ የመጀመሪያ አልበሙ ገና ገበያ ላይ ሳይውል። ሲወርድ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የወረደው። ለቀን ቆጠራ የሚሆነን ነገር ግን ዘ ሁ የሚባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ጋ ነው ያለው። የቅዳሜ ዝርዝር ላይ ነበሩ፣ ፕሮግራሙ እየተንዛዛ መድረክ የወጡት እሑድ ሊነጋጋ ሲል ነው። ታዲያ የ16 ናቸው የ17? ብዙ ዝርዝሮች 16 ላይ ያስቀምጧቸዋል። ሰዓት ያየ ሰው ይከራከራል።

ኤልቪስ። ሜምፊስ፣ ግሬስላንድ፣ ማክሰኞ፣ 1977። ዕድሜው 42። በዚያን ምሽት ወደ ፖርትላንድ ሜይን ሊበር ነበር፣ በማግሥቱ ኮንሰርት ነበረው። መታጠቢያ ቤት ወድቆ ተገኘ፣ ሆስፒታል ተወሰደ፣ በእነሱ ሰዓት ከቀኑ 3፡30 መሞቱ ተነገረ። አዲስ አበባ ያኔ ከምሽቱ 5፡30 ነበር፣ ቶኪዮ ግን ነግቶ 17 ሆኗል። ስለዚህ «ኤልቪስ ኦገስት 16 ሞተ» ስንል የሜምፊስን ሰዓት ይዘን ነው። መጀመሪያ የተነገረው ልቡ ነው ተብሎ ነው። በኋላ ደሙ ውስጥ የተገኘው በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ብዛት ሲታወቅ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ፣ ሐኪሙም ፍርድ ቤት ቆሞ በ1981 ነፃ ተባለ፤ በ1995 ግን የሙያ ፈቃዱን ተነጠቀ።

እኛ አገር ያ ቀን ነሐሴ 10፣ 1969 ዓ.ም. ነው። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ይዞ ድሬዳዋን ሊያጠቃ የተቃረበበት ሰሞን። ሬዲዮ የሚከፈተው ለሌላ ወሬ ነበር።

በትክክል ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ኑስራት ለንደን ሆስፒታል ውስጥ አረፈ፤ ዕድሜው 48። ቀዋሊ የሱፊዎች መንፈሳዊ ዜማ ነው። ሃርሞኒየም፣ ታብላ፣ እጃቸውን እያጨበጨቡ የሚቀበሉ ሰዎች፣ መሀል ላይ መሪው። አንድ ስንኝ ይይዝና ይመላልሰዋል፣ እየመለሰ ይወጣበታል፣ ይወጣበታል፣ ሰሚው ራሱን እስኪስት። እኛ ሰዎች ይሄ ነገር ባዕድ አይሆንብንም፤ በጭብጨባና በአቀባይ የሚሞቅ ዝማሬ እናውቃለን። አባቱ ራሱ የቀዋሊ ሰው ሆኖ ሳለ ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት ነበር የሚፈልገው። በ1985 እንግሊዝ ውስጥ ፒተር ጋብሪኤል ባቋቋመው ዎማድ ፌስቲቫል ላይ ከተጫወተ በኋላ ምዕራባውያኑም ወደዱት። ታዲያ በእንግሊዝኛ በሚዘጋጁት የ«ዛሬ በሙዚቃ ታሪክ» ዝርዝሮች ላይ ብዙ ጊዜ ስሙን አታገኙትም። ከሞተ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልዕልት ዲያና ሞተች፣ ጋዜጣው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ አይመስለኝም። ዝርዝር የሚያወጣ ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያወጣው።

አሪታ ሜምፊስ ውስጥ ነው የተወለደችው፣ የኤልቪስ ከተማ። ያደገችው ዲትሮይት፣ የሞተችውም እዚያው፣ በ2018፣ በ76 ዓመቷ፣ በቆሽት ካንሰር። ማዶና የዚያን ቀን 60 ዓመት ሞላት። ከአራት ቀን በኋላ የኤምቲቪ ሽልማት ላይ አሪታን እንድታስብ መድረክ ተሰጥቷት አብዛኛውን ጊዜ ስለራሷ አወራች ተብላ ተወቀሰች። እሱን ተዉት። ቁም ነገሩ ኑዛዜው ላይ ነው።

አሪታ ኑዛዜ ሳትተው ሞተች ነበር የተባለው። በ2019 ቤቷ ሲፈተሽ በእጅ የተጻፉ ወረቀቶች ወጡ። አንደኛው የ2010፣ ቁልፍ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ። ሌላው የ2014፣ ሶፋው ትራስ ሥር ከተገኘ ደብተር ውስጥ። ሁለቱ አይገጣጠሙም። ልጆቿ ተካሰሱ። የ2014ቱ ላይ ስሟን ስትፈርም «ኤ» ፊደል ውስጥ ፈገግ ያለች ፊት ሥላበታለች፤ ይሄም ፍርድ ቤት ቀርቦ አከራከረ፣ ፊርማ ነው ወይስ ጭረት? ጁላይ 2023 ላይ ዳኞቹ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላቸው የሶፋው ደብተር እውነተኛ ኑዛዜ ነው ብለው ወሰኑ። የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል። አያችሁ፣ እዚህ ጋ ቀን ጌጥ አይደለም፤ ቤትና ንብረት የሚወስን ነገር ነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ታሪኩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ኤልቪስ ይባል የነበረው አለማየሁ እሸቴ የሞተው ነሐሴ 27፣ 2013 ዓ.ም. ነው፣ ይሄ የታወቀ ነው። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ያወጣውም የእሱን ነው። ግን የድሮ ሸክላ አንስታችሁ መሀሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አንብቡት። የዘፋኙ ስም አለ፣ የባንዱ ስም አለ፣ የአሳታሚው ቁጥር አለ። የወጣበት ቀን የለም። ያንን ቀን ከየት ታመጡታላችሁ? ከጋዜጣ ማስታወቂያ፣ ከኮንሰርት መግቢያ ትኬት፣ ከሬዲዮ ጣቢያ መዝገብ፣ ወይ ደግሞ በቦታው ከነበረ ሽማግሌ። የሮበርት ጆንሰን ወረቀትም እንዲሁ በፍለጋ ነው የተገኘው፣ ማንም አላመጣላቸውም።

ሽማግሌ ስትጠይቁ ደግሞ በቀን አይነግራችሁም፣ በበዓል ነው የሚነግራችሁ። ጥላሁን ገሠሠ መቼ ሞተ ብትሉ «የፋሲካ ዕለት» ነው መልሱ። ልክ ነው፣ ፋሲካ ነበር። ነገር ግን ፋሲካ በየዓመቱ ይዞራል፣ በቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 4 ላይ ዋለ፣ ማለትም መጋቢት 26። ስለዚህ በበዓሉ የሚያስብ ሰውና በቀኑ የሚያስብ ሰው በየዓመቱ አይገናኙም። በቀኑ ለሚያስበው፣ ጥላሁን ሚያዝያ 11፣ 2001 ዓ.ም. ነው።